ከድርቆሽ ክምር እስከ መድኃኒት ቤት፦ ክረምትን የሚችሉ የመኖ ተክሎች ታሪክ

ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ክኒን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። የልብ ቫልቭ ያስቀየረች አክስት፣ እግሩ ላይ ደም የረጋበት ጎረቤት ወይም የልብ ምቱ የተዛባበት አጎት ያለው ሰው ለደም ምርመራ ክሊኒክ መመላለስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ይህ ክኒን ከየት መጣ ቢባል ግን «ብርድ ከሚችል የከብት መኖ» ብሎ የሚመልስ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔም ነርሲንግ እስክጀምር ድረስ አላውቅም ነበር። ለፋርማኮሎጂ ኮርስ ሳነብ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከተበላሸ ድርቆሽ ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። እሱን ተከትዬ ስሄድ ታሪኩ ቶሮንቶ መሃል ያልፋል፤ ወደ ግዌልፍና ወደ ኬቤክ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ እናቶቻችን ድስት ውስጥ ያለውን ጎመን ያነሳል። በዚህ ጽሑፍ የማስረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተክል በካናዳ ብርድ ሳይሞት እንዴት ይከርማል፣ ሰዎችስ ብርድ የሚችል ዘር እንዴት ያወጣሉ? ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ ከእኛ ቤተሰቦች ጤና ጋር ምን አገናኘው? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመኖ ጥራጥሬ ማለት ምን ማለት ነው?

ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያና አብሽ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የጥራጥሬ ቤተሰብ እንላቸዋለን። ከዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ሰው ሳይሆን ከብት የሚበላቸው አሉ፤ አልፋልፋ፣ ክሎቨርና ስዊት ክሎቨር ዋነኞቹ ናቸው። አገር ቤት ክሎቨርን በአማርኛ ማገጥ፣ በኦሮምኛ ሲዲሳ ይሉታል። አብሽ ደግሞ ለአልፋልፋና ለስዊት ክሎቨር ከባቄላም ከምስርም ይልቅ የቅርብ ዘመድ ነው።

እነዚህ ተክሎች የሚፈለጉት በሁለት ምክንያት ነው። ፕሮቲናቸው ብዙ ስለሆነ የወተት ላምን በደንብ ይመግባሉ። በተጨማሪም ሥራቸው ላይ ባሉ ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጡታል። ያገራችን ገበሬ ገብስ ወይም ስንዴ ከዘራበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ የሚዘራው ይህን ጥቅም ከልምድ ስለሚያውቅ ነው።

አልፋልፋ አንዴ ከተዘራ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ ኦንታሪዮ ውስጥ በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ ያህል ይታጨዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ክረምቱን ካለፈ ብቻ ነው። ተክሉ በጥር ቢሞት ገበሬው የሚያውቀው በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ነው። ያን ጊዜ ለከብቶቹ የሚያበላውን ከሌላ ቦታ መግዛት ወይም ማሳውን እንደገና ማረስ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ለመኖ ተክል አርቢ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ሳይሆን «ይከርማል ወይ?» የሚለው ነው።

ተክል እንዴት ይከርማል?

«ክረምት» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። አገር ቤት ክረምት ዝናብ ነው፤ ሁሉ ነገር የሚበቅልበት፣ መስኩ አረንጓዴ የሚሆንበት ወቅት ነው። እዚህ ክረምት ስንል ግን ሁሉ ነገር የሚተኛበትን ወቅት ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ለተክሉ የሚያመጣው ነገር ግን ተቃራኒ ነው።

ብርድ ተክልን የሚገድለው ብዙዎቻችን እንደምናስበው በቀጥታ በማቀዝቀዝ አይደለም። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ በረዶ መጀመሪያ የሚሠራው ከሴሎቹ ውጪ ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ያ በረዶ ከሴሉ ውስጥ ውኃ እየሳበ ያወጣል። ሴሉ ይጨማደዳል፣ ይደርቃል፣ የሚሸፍነው ስስ ሽፋንም ይቀደዳል። በሌላ አነጋገር ብርድ ተክልን የሚገድለው በጥም ነው።

ተክሉ ለዚህ የሚዘጋጀው አስቀድሞ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ አልፋልፋ እድገቱን ይቀንሳል። በሥሩ ውስጥ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳርነት ይለውጣል። ከስኳሮቹ ውስጥ ሱክሮስ፣ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉት አሉ። እነዚህ ስኳሮች ውኃ በሴሉ ውስጥ እንዲቆይ ያግዛሉ፤ የሴሉን ሽፋንም ይደግፋሉ። ሽፋኑ ራሱም ስቡን ቀይሮ በብርድ እንዳይደርቅ ይለሰልሳል። በበጋ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ብቻ የሚገድለው ተክል በደንብ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ -20 ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ ሊችል ይችላል።

የላይኛው ቅጠልና ግንድ ይሞታል። መትረፍ ያለበት «የሥሩ አንገት» ብለን ልንጠራው የምንችለው፣ ከአፈሩ ወለል ጋር ተጠግቶ ያለው ክፍል ነው። የፀደይ ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ነው። እዚህ ላይ በረዶ ራሱ ጓደኛ ይሆናል። ወፍራም የበረዶ ንጣፍ እንደ ጋቢ ነው፤ አየሩ -25 ዲግሪ ቢሆን ከሥሩ ያለው አፈር ብዙም ከዜሮ ላይርቅ ይችላል።

ስለዚህ ብርድ ብቻውን አይደለም ጠላቱ። ሌሎች ሦስት አሉ። አንደኛው በክረምት መሃል የሚመጣ ሙቀት ነው፤ ተክሉን ያታልለውና ያዘጋጀውን መከላከያ እንዲፈታ ያደርገዋል፣ ከዚያ ብርዱ ሲመለስ ያለ ልብስ ያገኘዋል። ሁለተኛው በላዩ ላይ የሚጋገር በረዶ ነው፤ አየር ስለሚዘጋበት ተክሉ ይታፈናል። ሦስተኛው አፈሩ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ፣ ሲያብጥና ሲረግብ ሥሩን እየገፋ ከመሬት ማውጣቱ ነው።

ይህን ሳነብ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። የአየር ንብረት ሲሞቅ ክረምቱ ለተክሎች የሚቀል ይመስላል። በምሥራቅ ካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ተቃራኒው ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ፦ የበረዶው ጋቢ ይሳሳል፣ በመሃል የሚመጣው ሙቀት ይበዛል፣ በልጉም ቅዝቃዜው ስለሚዘገይ ተክሉ በወጉ አይዘጋጅም። የኦንታሪዮ ገበሬዎች ከመጀመሪያው ገዳይ ውርጭ በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ገደማ አልፋልፋን እንዳያጭዱ የሚመከሩትም ተክሉ ስንቁን እንዲቋጥር ነው።

ብርድ የሚችል ዘር እንዴት ይወጣል?

የሰሜን አሜሪካ ታሪክ የሚጀምረው እንደ እኛ ወላጆች ካለ ስደተኛ ነው። በ1857 ዌንደሊን ግሪም የሚባል ጀርመናዊ ገበሬ ወደ ሚኒሶታ ሲሰደድ ጥቂት ኪሎ የአልፋልፋ ዘር ከአገሩ ይዞ ሄደ። እኛ በሻንጣ በርበሬና ሽሮ እንደምናመጣው ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዘራው። የሚኒሶታ ክረምት አብዛኛውን ገደለበት። እሱ ግን ከተረፉት ጥቂት ተክሎች ዘር ለቅሞ እንደገና ዘራ፤ እንዲህ እያለ ዓመታት ቆየ። ሳይንስ አልተማረም፤ ሥራውን የሠራለት ክረምቱ ነው። «ግሪም አልፋልፋ» የሚባለው ዝርያ በኋላ በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍሎችና በካናዳ ተስፋፋ።

ሁለተኛው መንገድ ብርዱን ቀድሞ የለመደ ዘመድ መፈለግ ነው። ኒልስ ሃንሰን የተባለ ዴንማርክ የተወለደ የደቡብ ዳኮታ ሳይንቲስት ከ1897 ጀምሮ በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ተልኮ ሩሲያና ሳይቤሪያ ድረስ ሄደ፤ ቢጫ አበባ ያለውን የአልፋልፋ ዘመድ አመጣ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ በሳስካችዋን፣ ስዊፍት ከረንት ያለው የምርምር ጣቢያ የሳይቤሪያን ዘር በማዳቀል «ራምብለር» የሚባለውን ዝርያ በ1955 አወጣ። ሥሩ በጎን እየሄደ አዲስ ቡቃያ ስለሚያወጣ ክረምት ወይም የከብት እግር ቢጎዳውም ክፍተቱን ራሱ ይሞላል።

ነገር ግን ዋጋ አለው። ብርድ በጣም የሚችለው አልፋልፋ ብዙ ጊዜ በልግ ላይ ቶሎ የሚተኛው ነው። ቶሎ ከተኛ ደግሞ የሚታጨደው ያንሳል። አርቢዎች ይህን ቁርኝት ለመፍታት ብዙ ደክመዋል። በኬቤክ ከተማ ያሉ የፌደራል መንግሥቱ ተመራማሪዎች የግሪምን ዘዴ ወደ ቤት ውስጥ አስገቡት። ብዙ ተክሎችን በብርድ ያለማምዳሉ፣ ከዚያ ሙቀቱ ቀስ እያለ በሚወርድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አብዛኞቹ እስኪሞቱ ድረስ ያቆዩአቸዋል። የተረፉትን እርስ በርስ ያዳቅላሉ፤ ልጆቹን መልሰው ወደ ማቀዝቀዣው ያስገባሉ። በየዙሩ የሚችሉት ብርድ ይጨምራል። እውነተኛ ክረምት አንዳንዴ ለስላሳ፣ አንዳንዴ ሁሉንም የሚጨርስ ስለሆነ አይታመንም፤ ማቀዝቀዣ ግን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ፈተና ይሰጣል።

ከቶሮንቶ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን የሚርቀው የግዌልፍ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ሥራ የቆየ ስም አለው። በ1990ዎቹ ብራያን መከርሲና ስቲቨን ባውሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባል ኢንዛይም በብዛት የሚሠራ አልፋልፋ አወጡ። ይህ ኢንዛይም ከኦክስጅን የሚወጡ ጎጂ ቅንጣቶችን ያከሽፋል። ማሳ ላይ ሲሞከር ከተክሎቹ የተሻለ መትረፍ ታየ።

ለነርሲንግ ተማሪ ይህ የሚታወቅ ነገር ነው። ብርድ ጣቱን የመታው ሰው ሲመጣ ጉዳቱ ከበረዶው ብቻ አይደለም፤ አካሉ ሲሞቅና ደም ሲመለስም እነዚሁ ቅንጣቶች ሌላ ጉዳት ያደርሳሉ። ስለዚህ ነው ውርጭ የመታውን እጅ በእሳት ዳር አናሞቅም፣ አናሽም የምንለው። አልፋልፋና የሰው ጣት በዚህ ላይ ይመሳሰላሉ።

ብርዱን ቻለ፣ ከብቶቹ ግን ደሙ

አሁን ወደ ዋርፋሪን እንምጣ። ስዊት ክሎቨር ማንም ሳይንከባከበው ብርድ የሚችል ተክል ነው። በሐምሌ ዶን ቫሊ ውስጥ ወይም በባቡር ሐዲድ ዳር የምታዩት፣ ረጅም፣ ትንንሽ ቢጫ ወይም ነጭ አበባ ያለው ተክል እሱ ነው። ሁለት ዓመት ይኖራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጥልቅ ሥር ይሰዳል፣ ይከርማል፣ በሁለተኛው ያብባል። ብርድም ድርቅም ይችላል። ሌላው ጥራጥሬ አልበቅል ባለበት በአልበርታና በሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ ገበሬዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደስታ ዘሩት።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ግን እንግዳ ነገር መጣ። ጤነኛ የሚመስሉ ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ወይፈኖች ሲኮላሹ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቱ። አንዳንዶቹ ምንም ሳይነካቸው ውስጥ ለውስጥ ደምተው ወደቁ። ገበሬዎች ተላላፊ በሽታ መስሏቸው ነበር።

መልሱን ያገኘው ፍራንክ ስኮፊልድ ነው። እንግሊዝ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ካናዳ የመጣ፣ በኦንታሪዮ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረና ያስተማረ ሰው ነው። ኮሌጁ እስከ 1922 ድረስ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ዛሬ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች በተደረደሩበት በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ግዌልፍ ተዛወረ። ስኮፊልድ ቀደም ሲል በኮሪያ በሚስዮናዊነት ሲያገለግል የ1919ኙን የነፃነት ንቅናቄ ፎቶግራፍ አንስቷል፤ ኮሪያውያን እስከ ዛሬ እንደ አርበኛ ያከብሩታል፣ መቃብሩም ሴኡል በሚገኘው ብሔራዊ የመቃብር ሥፍራ ነው።

የሠራው ሙከራ ቀላል ነው። ከአንድ የድርቆሽ ክምር ውስጥ ደህናውን አገዳና የተበላሸውን አገዳ ለየ። ደህናውን ለአንዷ ጥንቸል፣ የተበላሸውን ለሌላዋ አበላ። ደህናውን የበላችው ምንም አልሆነችም፤ የተበላሸውን የበላችው ደምታ ሞተች። ስለዚህ ገዳዩ ጀርም አልነበረም፤ ተክሉ ራሱም አልነበረም። የሻገተው ድርቆሽ ነበር። ቆየት ብሎ በሰሜን ዳኮታ ሊ ሮደሪክ፣ በታመሙት ከብቶች ደም ውስጥ የጎደለው ደም ለመርጋት የሚያስፈልገው ፕሮትሮምቢን መሆኑን አሳየ።

በ1933 ክረምት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ መኪናውን እየነዳ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። የሞተች ጊደር፣ ያልረጋ ደም የሞላበት የወተት ዕቃና የተበላሸ ድርቆሽ ጭኖ ነበር። የባዮኬሚስቱ ካርል ፖል ሊንክ ቤተ ሙከራ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ገደማ ደክሞ በ1939 ገዳዩን ንጥረ ነገር ነጥሎ አወጣ። ስሙ ዲኩማሮል ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ስዊት ክሎቨር ኩማሪን የሚባል ደስ የሚል ሽታ ያለው ነገር በውስጡ አለ፤ «ስዊት» የተባለው በሽታው እንጂ በጣዕሙ አይደለም፣ ጣዕሙ መራራ ነው። ኩማሪኑ ብቻውን ከብቶቹን አያደማም። ድርቆሹ ሳይደርቅ ተከምሮ ሲሻግት ግን ሻጋታው ኩማሪኑን ወደ ዲኩማሮል ይለውጠዋል። ዲኩማሮል ደግሞ ጉበት ቫይታሚን ኬን ደጋግሞ እንዳይጠቀምበት ይከለክላል። ያለ ቫይታሚን ኬ ጉበት ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች በወጉ መሥራት አይችልም።

ከብት የገደለው ነገር በልክ ሲሰጥ ሰው አዳነ። ቶሮንቶ ውስጥ የኮናውት ቤተ ሙከራዎች በ1930ዎቹ ሄፓሪንን አጥርተው ለሕክምና አብቅተውት ነበር፤ ሄፓሪን ግን በመርፌ ብቻ የሚሰጥ ነው። ዲኩማሮል በአፍ የሚዋጥ ሆነ። የሊንክ ቡድን ከእሱ የጠነከረ ዘመድ ሠራ፤ ወጪውን በሸፈነው የዊስኮንሲን ተመራቂዎች የምርምር ፋውንዴሽን ምህጻረ ቃል ዋርፋሪን ተባለ። በ1948 ለአይጥ መርዝነት ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ከወሰዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ነበር።

የተክል አርቢዎቹም ዝም አላሉም። ብርድ የሚችል፣ ግን ኩማሪኑ ያነሰ ስዊት ክሎቨር ፈለጉ። ኩማሪን የሌለው አንድ ዘመድ ተገኘ፤ ከነጩ ስዊት ክሎቨር ጋር ሲዳቀል ግን የሚወለዱት ችግኞች አረንጓዴ ቀለም የሌላቸው፣ ምግባቸውን መሥራት የማይችሉ ሆኑ። በዊስኮንሲን ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ ችግኞቹን በጤነኛ ተክል ላይ አጣበቃቸው፤ ሌላው እየመገባቸው አድገው አበቡ። ለእኔ ይህ በደም ሥር እየተመገበ የሚያገግም በሽተኛ ይመስለኛል። ከዚያ የተገኘውን ባሕርይ ይዘው የካናዳ አርቢዎች በ1957 «ኩሚኖ»ን፣ በ1970 «ፖላራ»ን፣ በ1981 ቢጫውን «ኖርጎልድ» አወጡ።

እኛና ዋርፋሪን

ዛሬ ብዙ አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች አሉ፤ የደም ምርመራም እንደ ዋርፋሪን አያስፈልጋቸውም። ለእኛ ሕዝብ ግን ዋርፋሪን ገና አልሄደም። ምክንያቱ የልብ ሪውማቲክ በሽታ ነው። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ልብን ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላ ቫልቩ ይጠባል ወይም ያፈሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ገና በወጣትነታቸው በዚህ በሽታ የሚያዙ ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው እዚህ መጥተው አብረውን የሚኖሩ አሉ።

በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት፣ የተመራውም እዚሁ ኦንታሪዮ ከሃሚልተን ነው፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ የልብ ሪውማቲክ በሽታና የተዛባ የልብ ምት ያለባቸውን ሰዎች ተከታተለ። ሪቫሮክሳባን ከሚባለው አዲስ መድኃኒት ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያሉት የቆዩት መድኃኒቶች ብዙ ሕይወት አተረፉ፤ የመድማት አደጋውም አልባሰም። ብረታ ብረት ነክ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰውም መድኃኒቱ አሁንም ዋርፋሪን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት እናት ነርሲንግ እንደምማር ሰምተው፣ «የኔ ልጅ፣ ሐኪሙ ጎመን ተይ ብሎኛል፤ ታዲያ በጾም ምን ልብላ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው። ስለዚህ ጎመን በድንገት ሲበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፣ ደም ሊረጋ ይችላል። ጎመን በድንገት ሲቀር መድኃኒቱ ይበረታል፣ ሰውየው ሊደማ ይችላል። አደጋው ጎመኑ አይደለም፤ ለውጡ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን በየቀኑ የበላ ሰው ፋሲካ ሲመጣ ሥጋና እንቁላል ብቻ ቢበላ የደሙ ሁኔታ ይለወጣል።

እናም ለእሳቸው እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ከሐኪምዎ ወይም ከክሊኒኩ ፋርማሲስት ጋር ጾሙ ከመግባቱ በፊት ይነጋገሩ። ጎመን ሙሉ በሙሉ ከመተው ይልቅ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላት ይቻል እንደሆነ ይጠይቋቸው። ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ደምዎ ቶሎ እንዲለካ ያድርጉ።» የሚለካው አይኤንአር ይባላል። መድኃኒት ለማይወስድ ሰው 1 አካባቢ ነው፤ ዋርፋሪን ለሚወስዱ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል፤ ለአንዳንድ ሰው ሠራሽ ቫልቮች ከ2.5 እስከ 3.5።

ሌሎችም መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ፦

• አብሽ በብዛት ወይም እንደ መድኃኒት የሚጠጣ ሰው ለክሊኒኩ ይንገር፤ የዋርፋሪንን ሥራ ሊያበረታ ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። ሌላም የአገር ቤት መድኃኒት ካለ አይደበቅ።

• አንዳንድ አንቲባዮቲኮች፣ ለምሳሌ ሜትሮኒዳዞል፣ መድኃኒቱን በጣም ያበረቱታል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች የመድማት አደጋ ይጨምራሉ። ከአገር ቤት የመጣ ክኒን ከመዋጡ በፊት ይጠየቅ።

• ረመዳን የሚጾሙ ክኒኑ የሚዋጥበትን ሰዓት አስቀድመው ከክሊኒኩ ጋር ይወስኑ።

• ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። ቫልቭ ያስቀየሩ ወጣት ሴቶች ለማርገዝ ሲያስቡ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ በራሳቸው ግን አያቁሙት።

• ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ ጭንቅላት መመታት ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ካለ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ይህ ጽሑፍ መጠን ለመቀየር አይደለም። ለመጠየቅ ነው።

አገር ቤትስ?

«ኢትዮጵያ በረዶ የለም፣ ይህ የካናዳ ጉዳይ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ግን ውርጭን ያውቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ታቃጥላለች። ክረምትና በጋ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈራረቃሉ ማለት ነው።

ለዚህ የካናዳን ዘር ወስዶ መዝራት መልስ አይሆንም። የካናዳው አልፋልፋ የሚዘጋጀው ቀኑ እያጠረ መሆኑን አይቶ ነው። ኢትዮጵያ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በጣም የሚተኛ ዝርያ እዚያ ቢሄድ ብዙ ጊዜ አጥሮ ይቀራል፤ መኖ አይሰጥም።

የደጋው ማገጥ ሌላ ብልሃት አለው። ብዙዎቹ ዝርያዎቹ በዝናቡ ወራት ጥቁር አፈር ላይ፣ ውኃ በተኛበት ሳይቀር፣ ይበቅላሉ። በመስከረም አካባቢ ያብባሉ፣ ዘራቸውን ይጥላሉ፤ ውርጩ ሲበረታ ተክሉ ሥራውን ጨርሷል። ብርዱን አይታገልም፤ ቀድሞት ያመልጣል። በ1974 አዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ ዛሬ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሚባለው፣ እነዚህን የደጋ ክሎቨሮች ሰብስቦ ሲያጠና ቆይቷል። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንኩ 19,000 ገደማ የመኖ ተክል ናሙናዎችን ይዟል። ከውጭ ከገቡት ደግሞ ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ትሪ ሉሰርን የሚባለው ዛፍ ደጋውን ለምዷል፤ ቅጠሉ በደረቁ ወራት ለከብት ይቆረጣል።

እነዚህ ናሙናዎች ለምን ይቀመጣሉ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የስዊት ክሎቨርን ታሪክ አስቡ። ከመንገድ ዳር አረም ውስጥ የልብ መድኃኒት ይወጣል ብሎ በ1920 የገመተ አልነበረም። ግሪምም የተረፉትን ጥቂት ተክሎች ባይጠብቅ ኖሮ ዘሩ በሚኒሶታ በረዶ ሥር ይቀር ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አለኝ። በማኅበራችን ውስጥ ነርሲንግ፣ ፋርማሲና የምግብ ሳይንስ የምንማር ቁጥራችን ቀላል አይደለም። ክሊኒኮች የሚሰጡት የዋርፋሪን ወረቀት ስለ ስፒናችና ብሮኮሊ ይናገራል፤ ስለ ጎመን ወጥ፣ ስለ አብሽና ስለ ጾም ግን ብዙ ጊዜ አንድም ቃል የለውም። አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት አዘጋጅተን፣ በባለሙያ ፋርማሲስት አሳይተን፣ ከሚቀጥለው ዐቢይ ጾም በፊት በየአብያተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየሱቁ ብናስቀምጥ ብዙ እናቶችን ይጠቅማል። በትግርኛና በኦሮምኛ የምትጽፉም አላችሁ። መሥራት የምትፈልጉ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አግኙኝ፤ ረቂቁን ይዤ እመጣለሁ።